ረጅሟ «ኤ» ምኗ ነው ረጅም?

ሰላም ናችሁ ወዳጆቼ። መስከረም ጠብቶ ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ወደዚህ ዓምድ የሚመጡት ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ እንግሊዝኛ ንባብ ሆነዋል፣ በተለይ ሾርት ሳውንድና ሎንግ ሳውንድ ስለሚሉት ነገር፣ ስለዚህ ሌላውን ሁሉ ለሚቀጥለው አቆይቼ ዛሬ አራቱን አንድ ላይ ልመልስ። እዚሁ ባሕር ዳር ብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ኖሬያለሁ፣ ከማስተምረው ሁሉ ደሞ ይሄን ነገር ነበር አብልጬ የምወደው። አንድ ነገር ብቻ፤ ቃላቱን ልጆች ክፍል ውስጥ ስፔል እንደሚያደርጉት ፊደል በፊደል እየጠራሁ ስለምጽፍ እስክሪብቶና ወረቀት ይዛችሁ እየጻፋችሁ ብታነቡት ይሻላል።

«ልጄ ሦስተኛ ክፍል ናት። ካፕ ላይ ያለችው ኤ ሾርት ናት፣ ኬፕ ላይ ያለችው ሎንግ ናት ተብላ መጣች። ማታ እራት እየሠራሁ አጠገቤ ቁጭ ብላ ካ... አ... አ... አፕ እያለች ታስረዝምና "እማዬ አሁን ሎንግ ሆነች?" ትለኛለች። ምን እንደምመልስላት ጠፋኝ። እኛ በጊዜያችን ዝም ብለን በቃል ነው የያዝነው። ለመሆኑ ረጅም የሚሉት ምኑን ነው?» የሁለት ልጆች እናት፣ ከቀበሌ 14

እህቴ፣ በመጀመሪያ ልጅሽን ሳሚልኝ፣ ያደረገችው ነገር ትክክል ነው እኮ፤ ረጅም ናት ሲሏት አስረዘመቻት፣ ሌላ ምን ታድርግ። ጥፋቱ የስሙ ነው። ንባብ ሲያስተምሩ «ሎንግ» የሚሉት ድምፁ ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ሳይሆን ፊደሏ የራሷን ስም ስለምትጠራ ነው። ኤ ሎንግ ስትሆን «ኤ» ትላለች፣ አይ ሎንግ ስትሆን «አይ» ትላለች፣ ኦ «ኦ» ትላለች፣ ኢ «ኢ»፣ ዩ ደሞ «ዩ» ወይም «ኡ»። ሾርት ስትሆን ስሟን ትታ ሌላ ድምፅ ታወጣለች። በቃ ይሄው ነው። አንዷ ፊደል ሁለት ድምፅ አላት፣ ጥያቄው የትኛውን ድምፅ መቼ ነው የምታወጣው የሚለው ብቻ ነው።

ይሄን ለልጅሽ ለማሳየት ከሩቅ ቃል አትፈልጊ፣ ቤት ውስጥ በየቀኑ የምትሏቸው አሉ። ቲ፣ ኤ፣ ፒ ብለሽ ጻፊ፤ ታፕ ነው፣ የቧንቧው። መጨረሻው ላይ ኢ ጨምሪ፤ ቴፕ ሆነ፣ ድሮ ካሴት የምንሰማበት። ኤስ፣ አይ፣ ቲ ሲት ነው፣ መቀመጥ፤ ኢ ስትጨምሪበት ሳይት ይሆናል፣ ግንባታ ላይ የሚውሉት «ሳይት ነኝ» የሚሉት። ፒ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤን ፕላን ነው፣ እሱን ሁላችንም እናወጣለን፤ ኢ ስትገባ ፕሌን ሆኖ አውሮፕላን ይሆናል። ሲ፣ ዩ፣ ቲ ከት፣ መቁረጥ፤ በኢ ኪዩት፣ ልጆቹ ፎቶ ስር የሚጽፉት። ያቺ መጨረሻ ላይ የምትመጣው ኢ ራሷ አትነበብም፣ ዝም ብላ ነው የምትቀመጠው፣ ግን አንድ ተነባቢ ተሻግራ ወደኋላ «ስምሽን ጥሪ» የምትል ነው የምትመስለው፣ ለዚህ ነው አስተማሪዎች ማጂክ ኢ የሚሏት።

«ታዲያ ለምን ረጅም አሏት?» ካልሽኝ፣ ድሮ እውነት ስለነበረ ነው። የዛሬ 600 ዓመት ገደማ እንግሊዞች ኤን፣ ኤ፣ ኤም፣ ኢ ብለው ጽፈው ኔም አይሉም ነበር፣ እንደኛ ና አድርገው ጎትተው «ናአመ» ነበር የሚሉት፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ኢ እንኳ ትንሽ ድምፅ ነበራት። ታይም የሚባለውም «ቲኢመ» ነበር፣ ኢዋ ተስባ። ልጅሽ ያኔ ብትኖር ካአአፕ ማለቷ ያስጨበጭብላት ነበር። ከዛ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ ውስጥ ረጅም የነበሩት ድምፆች አፍ ውስጥ ቦታ እየለቀቁ ሄዱ፣ ናአም ኔም ሆነ፣ ቲኢም ታይም ሆነ፣ መጨረሻ ያለችው ኢም ጭራሽ ዝም አለች። የፊደሎቹ ስም ሳይቀር አብሮ ነው የተቀየረው፣ ዛሬ አይ የምንላት ፊደል ያኔ ስሟ ኢ ነበር። ኦቶ የስፐርሰን የሚባል የዴንማርክ የቋንቋ ሊቅ ነው ታላቁ የአናባቢ ሽግሽግ የሚል ስም ያወጣለት። በዚሁ መሀል በ1476 ዊልያም ካክስተን ዌስትሚንስተር ላይ የመጀመሪያውን የእንግሊዝ ማተሚያ ከፈተ፣ መጽሐፍ በብዛት መታተም ሲጀምር አጻጻፉ እየረጋ መጣ፣ አፉ ግን አልረጋም፣ መሄዱን ቀጠለ። ስለዚህ ልጅሽ የምታነበው የድሮ ሰው የጻፈውን የዛሬ ሰው እንደሚናገረው እያደረገች ነው፣ ቀላል ሥራ አይደለም፣ ስትሳሳት አትቆጫት።

ቤት ውስጥ እንዲህ አድርጊ። ከካርቶን ላይ ትንሽ ቁራጭ ቅደጂና ኢ ጻፊባት። ደብተሯ ላይ ታፕ፣ ሲት፣ ፕላን፣ ከት እያልሽ ጻፊላት፣ ከዛ ካርቶኗን ራሷ በእጇ መጨረሻው ላይ ስታስጠጋ ታንብብ፣ ስታነሳ ታንብብ፣ ስታስጠጋ ታንብብ። በእጇ ስታደርገው ነው የሚገባት። በአንድ ማታ ሁለት ጥንድ ቃል ይበቃታል፣ እባክሽ ሃምሳ ቃል ዘርዝረሽ በቃል አታስይዣት፣ እንደዛ ተደርገው ዘጠነኛ ክፍል የደረሱና አዲስ ቃል ሲያዩ ከየት እንደሚጀምሩ የማያውቁ ስንት ጎበዝ ልጆች አይቼ አዝኛለሁ።

«ይድረስ ለዓምዱ አዘጋጅ። ፊደል የቆጠርኩት ዘጌ ቄስ ትምህርት ቤት ነው። የልጅ ልጄ የእንግሊዝኛ ደብተሩን ሲያሳየኝ ዲነር ብሎ ኤንን ሁለቴ ጽፏል፣ ሲያነበው ግን አያጠብቃትም። በኛ ቀደሰ ሲባል ደ ይጠብቃል፣ ቀተለ ሲባል ተ ይላላል፣ ይህ በንባብ ይታወቃል እንጂ ደን ሁለቴ የሚጽፍ የለም። ፈረንጅ ሁለት ጽፎ አንድ የሚያነበው ስለምንድን ነው?» አንድ አያት፣ ከዘጌ

አባቴ፣ እግዜር ይስጥዎት፣ ይሄን ጥያቄ ነው ስንት ዓመት ስጠብቅ የነበረው፣ ምክንያቱም የኛ ሰው እንግሊዝኛ ላይ የሚሰናከልበትን ቦታ በደንብ ነክተውታል። የኛ ነገር እርስዎ እንዳሉት ነው፤ ጥብቅና ላላ በአፍ አለን፣ በጽሑፍ የለንም። ዋና ብዬ ብጽፍ ናን ካላላኋት ልጆቹ ጣና ላይ የሚዋኙት ነው፣ ካጠበቅኋት ዋናው መንገድ የምንለው ነው፣ ፊደሉ ግን ያው አንድ ነው። ገናም እንደዛው፣ ናን ካላላናት «ገና አልመጣም» የምንለው፣ ካጠበቅናት በዓሉ። አንዳንድ መዝገበ ቃላት ላይ ጠባቂው ፊደል አናት ላይ ነጥብ ያደርጉበታል እንጂ አንባቢው ከነገሩ አካሄድ ነው የሚያውቀው፣ ባለቅኔዎቹም በዚህ ነው ብዙ ወርቅ የሚደብቁበት።

እንግሊዝኛ ተገላቢጦሹ ነው። ሁለት አድርጎ ይጽፋል፣ አያጠብቅም። ሁለተኛዋ ፊደል የመጣችው ለራሷ ሳይሆን ከፊቷ ላለችው አናባቢ ነው፣ «ይቺ አናባቢ ሾርት ናት፣ ስሟን እንዳትጠራ» ለማለት። ለምን መሰለዎት፣ ቅድም ለእህታችን እንዳልኩት አንድ ተነባቢ ብቻ መሀል ላይ ካለ የኋለኛዋ አናባቢ ተሻግራ የፊተኛዋን ስሟን ልታስጠራት ትችላለች፣ ሁለት ሲሆኑ ግን አጥር ይሆኑባታል፣ አትሻገርም። ዲነር ላይ ሁለት ኤን ስላሉ አይ ስሟን ሳትጠራ «ዲ» ተባለች። አንዷን ኤን ቢያነሷት ዳይነር ይሆናል፣ እሱም ራሱን የቻለ ቃል ነው፣ ተመጋቢ ማለት ነው።

ሱፐርማርኬት የሚለው ቃል ላይ ያለው ሱፐር አንድ ፒ ነው ያለው፣ ስለዚህ ዩዋ ሎንግ ናት፣ ሱ ተባለች፤ ሰፐር የሚባል የማታ ራት ደሞ አለ፣ እሱ ሁለት ፒ ነው፣ ዩዋ ሾርት ሆና ሰ ተባለች። ወረቀቱ ፔፐር አንድ ፒ ነው፣ በርበሬው ፔፐር መሀሉ ላይ ሁለት ፒ ነው፣ እኛ በአማርኛ ፊደል ስንጽፋቸው አንድ ሆነው ይቀራሉ እንጂ እነሱ አፍ ላይ የመጀመሪያው «ፔይ» ብሎ ወደ ይ ሸርተት ይላል፣ ሁለተኛው ቁርጥ ያለች ፔ ናት። የልጅ ልጅዎ እንግዲህ ጎበዝ ነው፣ አጻጻፉንም ንባቡንም ይዞታል።

ባለፈው ሳምንት ከወዳጆቼ ጋር ሐይቁ ዳር አንድ ቤት አሣ ልንበላ ገብተን በሩ ላይ የቆመው ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ «የዛሬ ዳይነር» የሚል ነገር ተጽፎ አየሁ፣ ማለቴ በእንግሊዝኛው ዲነር ሊሉ ፈልገው አንድ ኤን ብቻ አድርገውበታል። ከስሩ ደሞ ግሪልድ የሚለው በአንድ ኤል ነው የተጻፈው፣ እንደዛ ከሆነ ግራይልድ ተብሎ ነው የሚነበበው። የሚያስተናግደውን ልጅ ጠርቼ ቀስ ብዬ ነገርኩት፣ እየሳቀ ገብቶ ጠመኔ ይዞ መጣና አይና ኤን መሀል ቦታ ስላልነበረው ሁለተኛዋን ኤን አጥብቦ ቀጭን አድርጎ ሸጎጣት። «ለምን ሁለት ሆነች?» አለኝ። ዋና እና ዋናን ነገርኩት፣ «እኛ አፋችን ውስጥ ነው ያለችው፣ እነሱ ወረቀታቸው ላይ» ስለው ወዲያው ገባው። እኔ እንደማስበው ልጆቻችን ጥብቅና ላላን በደንብ ከሚያውቁ ቤተሰብ ስለሚመጡ ይሄን ከማንም በላይ ቶሎ ሊይዙት ይገባ ነበር፣ ችግሩ አማርኛውን ከእንግሊዝኛው ጋር አያይዞ የሚነግራቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ሕጉ ግን ሁሌ አይሠራም፣ ይሄንንም ልንገርዎት። ሪቨር፣ ሲቲ፣ ሊሚት፣ ሴቨን የሚባሉት መሀላቸው አንድ ተነባቢ ብቻ ይዘው አናባቢያቸው ሾርት ነው። እነዚህን ልጁ እያየ ይልመዳቸው።

አባቴ፣ አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ ደስ ይልዎታል ብዬ ነው። የሴም ቋንቋ የሚያጠኑ ሰዎች የኛም አናባቢዎች ጥንት በርዝመት ይለያዩ እንደነበር ይነግሩናል፤ ግዕዝና ሳድስ ከአጭሮቹ የመጡ ናቸው፣ ካዕብ፣ ሣልስና ራብዕ ከረጅሞቹ። ማለትም ለ እና ላ መጀመሪያ ላይ ልዩነታቸው አንዷ አጭር አንዷ ረጅም መሆኗ ነበር፣ ዛሬ ግን ላን ስንል አንጎትታትም፣ ድምፁ ራሱ ሌላ ሆኗል። እንግሊዝኛው ታፕና ቴፕ ላይ የደረሰው እኛ ለ እና ላ ላይ ቀድሞ ደርሷል ማለት ነው።

«ቱሪስት አስጎብኚ ነኝ፣ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ገዳማቱ እወስዳለሁ። አንዴ ለአንዲት እንግዳ ከወደቡ በኋላ ትንሽ ሂል፣ ኮረብታ ማለቴ ነው፣ አለ ስላት ጫማዋን ዞር ብላ አየች። በኋላ ነው ተረከዝ እንዳልኳት የገባኝ። መርከቡ ሺፕና በጉ ሺፕ፣ መኖር የሚለው ሊቭና መልቀቅ የሚለው ሊቭ አይለዩልኝም፣ ረጅሙን ላስረዝም ብልም አልሆነልኝም። ምን ላድርግ?» ከባሕር ዳር

ወንድሜ፣ ያንተ ችግር ከላይ ካለው ይለያል፣ ሰው ግን ሁለቱንም ሎንግና ሾርት እያለ ስለሚጠራቸው ይደበላለቃል። ኮረብታው አይ ነው ያለው፣ ተረከዙ ሁለት ኢ ነው ያለው። ሁለት ኢ ያለው በርግጥም ትንሽ ይረዝማል፣ ግን በርዝመት ብቻ ልትለየው ከሞከርክ ጆሮህ ያታልልሃል፣ ምክንያቱም እንግሊዝኛ አናባቢውን ከኋላው በሚመጣው ተነባቢ ያሳጥረዋል ያስረዝመዋል፤ መጨረሻው ቲ፣ ፒ ወይም ኬ ከሆነ ያጥራል፣ ዲ፣ ቢ ወይም ጂ ከሆነ ይለጠጣል። ስለዚህ ርዝመቱን ተወውና የአፍህን ቅርፅ ያዝ።

ሁለት ኢ ላለው፣ ኢ እና ኤ ላለውም፣ የኛን ሣልስ ንገር፤ «ሺ ብር» ስትል ከንፈርህ ወደ ጎን ይለጠጣል፣ ምላስህ ከፍ ይላል፣ ያ ነው በጉ። ለአይዋ ደሞ «ይሁን» በልና ይ ላይ ያለችውን አናባቢ ስማት፣ ሳድስ ናት ግን ከይ ጋር ስለመጣች ወደ ኢ ጠጋ ብላለች፣ ያቺን ይዘህ መርከቡን ጥራ፣ ከንፈርህ አይለጠጥ፣ መንጋጋህን ፈታ አድርገው። ሺፕ እና ሽፕ ብለህ ጀምርና ሁለተኛውን ትንሽ ወደ ኢ ሳበው። ሂልም፣ ሊቭም፣ ሲትም በዚሁ ይሄዳሉ። «ባሕር ዳር ነው የምኖረው» ልትል ፈልገህ ሣልሱን ካልክ እኮ «ባሕር ዳርን ልለቅ ነው» ነው የሚሰሙህ።

ለከፕና ካፕ ደሞ አማርኛ ትልቅ ስጦታ ሰጥቶሃል፣ ከ ስትል ያለችው የግዕዟ አናባቢ ሾርት ዩን በጣም ትቀርባለች፣ ስለዚህ ኩባያውን ከፕ በለው፣ አውቶቡሱን ባስ ሳይሆን በስ በለው። ካፕ ላይ ያለችው ኤ ግን በካና በኬ መሀል ናት፣ አፍህን ለካ ከፍተህ ወደ ኬ ዘንበል አድርጋት። ከእንግዶች ጋር ጀልባ ላይ አንድ ሰዓት ስትቀመጥ ራሳቸውን ጠይቃቸው፣ ሂልና ሂል አሰሙኝ በላቸው፣ አብዛኞቹ ደስ እያላቸው ነው የሚያሰሙህ፣ አንተ ስትል ደሞ የትኛውን እንደሰሙ በጣት ያሳዩህ። ስልክህ ላይ ብትቀዳውና ማታ ብትሰማው ከሁሉም ይበልጣል።

«ስምንተኛ ክፍል ነኝ። መጨረሻው ኢ ከሆነ ሎንግ ነው ከተባለ፣ ሃቭ እና ጊቭ ለምን ሄቭና ጋይቭ አልተባሉም? ብሬድስ ለምን ብሪድ አልተባለም?» ከጎርጎራ

ጎበዝ፣ ሕጉን ይዘህ ስለፈተንከው ነው ይሄ የታየህ። ሃቭ፣ ጊቭ፣ ለቭ፣ ሊቭ ሁሉም ከኢዋ በፊት ቪ አላቸው አይደል፤ ድሮ እንግሊዝኛ ውስጥ ዩ እና ቪ የአንድ ፊደል ሁለት መልክ ነበሩ፣ ስለዚህ ቃል በቪ ብቻ ሲያልቅ ዩ ነው ወይስ ቪ ነው ማለት ያስቸግር ነበር፣ ለዛ ነው መጨረሻ ላይ ኢ መጨመር የለመዱት። እዚህ ላይ ኢዋ ቪዋን ልትጠብቅ ነው የመጣችው፣ አናባቢዋን ልታስረዝም አይደለም። ብሬድ ላይ ያሉት ኢ እና ኤ ድሮ ረጅም ድምፅ ነበራቸው፣ ሚት የሚለው፣ ሥጋው፣ ላይ እንዳሉት ማለት ነው፤ በኋላ ብሬድ በአፍ አጠረ፣ ሄድም እንደዛው፣ አጻጻፉ ግን ባለበት ቀረ። ግሬትና ስቴክ ደሞ ለብቻቸው ወደ ኤ ሄዱ፣ አራቱን አንድ ገጽ ላይ ጽፈህ ያዛቸው።

አንድ ነገር ደሞ ላሳይህ፣ ኤል፣ አይ፣ ቪ፣ ኢ ብለህ ጻፍ። መኖር ሲሆን ሊቭ ነው፣ ቲክቶክ ላይ «ላይቭ ገብቷል» የምትሉት ሲሆን ያው አራቱ ፊደል ላይቭ ነው። ዓረፍተ ነገሩን ሳትጨርስ የትኛው እንደሆነ አታውቅም፣ ልክ ገና የሚል ቃል ስታይ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሰህ በዓሉ ይሁን አይሁን እንደምትለየው።